አኗኗር፣ ክብደትና ስኳር ከመርሳት በሽታ ጋር ያላቸውን ዝምድና ሲያጠኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመርሳት በሽታ ሐኪም ስሙን በጠራበት ቀን አይጀምርም። በአልዛይመር ሕመም አሚሎይድ የተባለው ፕሮቲን አንጎል ውስጥ መከማቸት የሚጀምረው ምልክቱ ከመታየቱ ከ15 እስከ 20 ዓመት አስቀድሞ ነው። በእነዚያ ዓመታት ሰውየው ይከሳል፣ እንቅስቃሴው ይቀንሳል፣ እንቅልፉ ይለዋወጣል፣ የደም ግፊቱም ይወርዳል፤ ዘመድ ወዳጅ ግን «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ አመጋገብን፣ ክብደትን፣ ስኳርን ወይም እንቅስቃሴን ከመርሳት በሽታ ጋር የሚያገናኝ የሕዝብ ጥናት ሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ ልኬቱ የተወሰደው መቼ ነው? ከታች ከተዘረዘሩት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ጥያቄ ከመዝለል የሚመጡ ናቸው፤ የቀሩት የመለኪያና የስሌት ጉድለቶች ናቸው።

1. ዘግይቶ ለክቶ ቶሎ መደምደም

ብዙ ጥናት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የ72 ዓመት ሰዎችን መዝኖ ለ6 ዓመት የተከታተለ ተመራማሪ ወፍራሞቹ በመርሳት በሽታ እምብዛም እንደማይያዙ ያያል። «ውፍረት አንጎልን ይጠብቃል» የሚለው ርዕስ የሚወለደው ከዚህ ነው። እውነቱ ግን በሽታው ቀድሞ የጀመራቸው ሰዎች ከመመዘናቸው በፊት ከስተው ነበር።

በ2018 የታተመ አንድ ሥራ 39 የክትትል ጥናቶችን አሰባስቦ የ1.3 ሚሊዮን ሰዎችን መረጃ መረመረ። መለኪያው የሰውነት ክብደት ኢንዴክስ (ክብደት በኪሎ፣ ለቁመት በሜትር ካሬ ሲካፈል) ነበር። ክብደቱ የተለካው በሽታው ከመታወቁ ከ20 ዓመት በላይ አስቀድሞ ሲሆን፣ ኢንዴክሱ በ5 ነጥብ ከፍ ባለ ቁጥር አደጋው በ16 በመቶ ይጨምራል። የተለካው ከ10 ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሲሆን ግን ያው 5 ነጥብ አደጋውን በ29 በመቶ የቀነሰ ይመስላል። መለኪያው አንድ፣ በሽታውም አንድ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው የዓመት ርቀት ሲለወጥ መልሱ ተገለበጠ።

በእንቅስቃሴም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ዋይትሆል 2 የተባለው ጥናት በ1985 በለንደን የሚሠሩ 10,308 የመንግሥት ሠራተኞችን መዝግቦ መከታተል ጀመረ። በ2017 ይፋ በሆነው ትንተና፣ በጎልማሳነት ዕድሜ የተመዘገበ እንቅስቃሴ ከ27 ዓመት ገደማ በኋላ ከሚመጣ የመርሳት በሽታ ጋር ግንኙነት አልታየበትም። በሽታው የተገኘባቸው ሰዎች እንቅስቃሴ ግን ምርመራው ከመደረጉ 9 ዓመት ገደማ አስቀድሞ ማሽቆልቆል ጀምሮ ነበር። እነዚህን ሰዎች በዚያ የቁልቁለት ጊዜ የለካ ጥናት «መንቀሳቀስ ያቆመ ይረሳል» ብሎ ይጽፋል፤ የሆነው ደግሞ መርሳት የጀመረው መንቀሳቀስ ማቆሙ ነው። ይህ ማለት እንቅስቃሴ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። ከአጭር ክትትል የሚገኘው ማስረጃ ጥያቄውን አይመልስም ማለት ነው።

ምን ይደረግ? ከተቻለ ተጋላጭነቱን (በሽታውን ያመጣ ይሆን ተብሎ የሚጠናውን ነገር፣ ለምሳሌ ክብደትን) ከ40 እስከ 55 ባለው ዕድሜ ይለኩ፤ ቢያንስ 15፣ ቢቻል 20 ዓመት ይከታተሉ። አዲስ ጥናት ለመጀመር ጊዜ ከሌለዎት ቀድሞ ለልብ በሽታ ወይም ለሌላ ጉዳይ የተሰበሰበ የቆየ መዝገብ ይፈልጉ። ውጤቱን በአንድ ድምር ቁጥር አያቅርቡ፤ በተለካበት ዕድሜ (50፣ 60፣ 70) እና በክትትሉ ርዝመት ከፋፍለው ያሳዩ። በዚሁ በዋይትሆል መረጃ ከመጠን ያለፈ ውፍረት በ50 ዓመት ዕድሜ ሲለካ ከፍ ካለ አደጋ ጋር ተያይዟል፤ በ60 እና በ70 ሲለካ ግን አልተያያዘም። ሦስቱን ዕድሜዎች ቢያቀላቅሏቸው ኖሮ የሚገኘው አማካይ ለማንም የማይሆን ቁጥር ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ቆርጦ ማስወጣትም የተለመደ ነው፤ አሠራሩ ላይ ግን ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው፣ በመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት የታመሙትን ብቻ አውጥቶ የሌሎቹን የእነዚያን ዓመታት ቆይታ ግን በስሌቱ ውስጥ እንዳለ ማቆየት ነው። ትክክለኛው የክትትሉን ሰዓት ለሁሉም ከ10ኛው ዓመት ላይ ማስጀመር ነው፦ በዚያ ቀን በሕይወት ያሉ፣ በክትትል ውስጥ ያሉና ያልታመሙ ሰዎች ብቻ ይቆጠራሉ፤ የቀደመው ሰው-ዓመት (እያንዳንዱ ሰው በክትትል የቆየበት ዓመት ድምር) ከስሌቱ ይወጣል። ሁለተኛው፣ 8 ዓመት ብቻ የተከታተለ ጥናት የመጀመሪያዎቹን 2 ዓመታት ቆርጦ «የተገላቢጦሽ ምክንያትን (በሽታው ራሱ ልኬቱን መለወጡን) አስወግደናል» ማለቱ ነው። በሽታው 15 ዓመት ተደብቆ የሚቆይ ከሆነ 2 ዓመት መቁረጥ ለጌጥ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግልጽ የሚያደርገው ግን ወደ ኋላ የሚመለስ ሥዕል ነው። የታማሚዎችን የምርመራ ቀን ዜሮ አድርገው ከእነሱ ጋር በዕድሜ፣ በጾታና በትምህርት የሚመሳሰሉ ጤነኞችን አጠገባቸው ያስቀምጡ፤ ከዚያ የሁለቱን የክብደት፣ የደም ግፊት ወይም የኮሌስትሮል መስመር 20 ዓመት ወደ ኋላ ይሳሉ። መስመሮቹ የሚለያዩበት ዓመት በሽታው በራሱ ልኬቱን መለወጥ የጀመረበትን ጊዜ ይጠቁማል። ይህን ሥዕል ያላካተተ ጽሑፍ ሲያነቡ ስለ ክብደት የሚናገረውን በጥርጣሬ ይዩት።

2. የታማሚ ቁጥርን ሳያስቡ ረጅም ክትትል ማቀድ

የጥናት አቅም የሚለካው በተሳታፊ ብዛት ሳይሆን በታማሚ ብዛት ነው። የ50 ዓመት ዕድሜ ያላቸው 1,000 ሰዎችን ለ10 ዓመት ቢከታተሉ የሚያገኙት የመርሳት ታማሚ በጣት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ አቅሙ ሲሰላ ተሳታፊዎቹ 75 እና 80 ዓመት እስኪደርሱ ስንቱ እንደሚታመም፣ ስንቱ እንደሚሞት፣ ስንቱ እንደሚጠፋ ሦስቱም ይገባሉ። ታማሚዎቹ ጥቂት ሆነው በአንድ ስሌት 12 ማስተካከያ (እንደ ዕድሜና ትምህርት ያሉ፣ ንጽጽሩን ለማመጣጠን የሚገቡ ነገሮች) ያስገባ ሰው የሚያገኘው ቁጥር በሚቀጥለው ዓመት መረጃ ይገለበጣል።

3. ስኳርን «አለ» ወይም «የለም» ብቻ ብሎ መመዝገብ

በ48 ዓመቱ ስኳር የያዘውና በ74 ዓመቱ የያዘው ሰው በአንድ ሳጥን ከገቡ ዋናው መረጃ ጠፋ። በዋይትሆል ተሳታፊዎች ላይ በ2021 በታተመ ትንተና፣ በ70 ዓመት ዕድሜ ሲታይ ዓይነት 2 ስኳር በ5 ዓመት ቀድሞ በጀመረ ቁጥር የመርሳት በሽታ አደጋ በ24 በመቶ ከፍ ይላል። ቅጹ ላይ መኖር ያለበት ጥያቄ «ስኳር አለብዎት?» ብቻ መሆን የለበትም፤ በስንት ዓመትዎ ተነገረዎት፣ መድኃኒቱን መቼ ጀመሩ፣ ኢንሱሊን ይወስዳሉ፣ ስኳርዎ ወርዶ ራስዎን ስተው ያውቃሉ የሚሉት ሁሉ ይጠየቃሉ። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ከባድ የስኳር መውረድ ግን ራሱ ከመርሳት በሽታ ጋር የተያያዘ ነው። ግንኙነቱ በሁለቱም አቅጣጫ ይሄዳል፤ የሚረሳ ሰው መድኃኒቱን ሁለቴ ይወስዳልና።

የላቦራቶሪው ነገርም አለ። የሦስት ወር አማካይ ስኳርን የሚያሳየው ኤችቢኤዋንሲ 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን ስኳር በሽታ ይባላል። ነገር ግን ምርመራው የሚለካው በቀይ የደም ሕዋስ ላይ የተጣበቀ ስኳርን ነው፤ የሕዋሱ ዕድሜ ሲለወጥ ቁጥሩም ይለወጣል። የብረት ማነስ ያለበት ሰው ላይ ቁጥሩ ከእውነቱ ከፍ ይላል፤ ቀይ ሕዋስ ቶሎ ቶሎ በሚፈርስበት ሰው ላይ ዝቅ ይላል። ደም ማነስ ወይም የተለየ ሄሞግሎቢን በብዛት ባለበት ሕዝብ ውስጥ የጾም ስኳርን አብሮ ያልለካ ጥናት ሰዎቹን በተሳሳተ ወገን ይመድባል።

ሌላም አለ። ስኳር ታማሚ ክሊኒክ ይመላለሳል፤ የሚመላለስ ሰው መርሳቱም ቶሎ ይታወቃል። መረጃዎ የሚመጣው ከጤና መዝገብ ብቻ ከሆነ የክሊኒክ ጉብኝት ብዛትን መዝግበው ውጤቱ በእሱ ይለዋወጥ እንደሆነ ይፈትሹ።

4. ሜታቦሊክ ሲንድረምን እንደ አንድ በሽታ መቁጠር

በ2009 ስምምነት የተደረሰበት ትርጉም አምስት መስፈርት አለው፦ ሰፊ የወገብ ዙሪያ፣ ትራይግሊሰራይድ (የደም ቅባት) 150 ሚሊግራም በዴሲሊትርና ከዚያ በላይ፣ ኤችዲኤል («ጥሩው») ኮሌስትሮል ለወንድ ከ40 ለሴት ከ50 በታች፣ የደም ግፊት 130/85 እና ከዚያ በላይ፣ የጾም ስኳር 100 እና ከዚያ በላይ። ሦስቱን ያሟላ ሰው ሲንድረሙ አለበት። ሦስት፣ አራት ወይም አምስት መስፈርት በ16 ዓይነት መንገድ ሊሟላ ይችላል፤ ማለትም አንድ ስም የተሰጣቸው 16 የተለያዩ የሰውነት ሁኔታዎች አሉ። ወገቡ፣ ግፊቱና ስኳሩ ከፍ ያለ ሰው እና የደም ቅባቱ ብቻ ተዛብቶ ወገቡ የሰፋ ሰው አንጎላቸው በአንድ መንገድ ይጎዳል ብሎ ማሰብ ማስረጃ ይጠይቃል። እያንዳንዱን በተከታታይ ቁጥር ለብቻው ይተንትኑ፤ ድምሩን ካስፈለገ ከዚያ በኋላ ያቅርቡ። የወገብ ዙሪያ ወሰን በየሕዝቡ ስለሚለያይ የትኛውን እንደተጠቀሙ መጻፍ ግዴታ ነው።

መድኃኒት የሚወስድን ሰው መርሳትም ቁጥሩን ያጣምማል። በመድኃኒት ወደ 128 የወረደ ግፊት በተፈጥሮው 128 ከሆነ ግፊት ጋር እኩል አይደለም። የተለመደው መፍትሔ መድኃኒት በሚወስዱት ላይ ከ10 እስከ 15 ነጥብ ጨምሮ መተንተንና ያለ ጭማሪው ከተገኘው ጋር ማነጻጸር ነው። ቁመትም ያታልላል፤ ሰው ሲያረጅ ያጥራልና ክብደቱ ሳይለወጥ ኢንዴክሱ ከፍ ይላል። በጎልማሳነት የተመዘገበ ቁመት ካለ እሱን ይጠቀሙ፤ ከሌለ የጉልበት ቁመትን ለክተው ያስሉ።

5. ትምህርትን ከማስታወስ ችሎታ ጋር ማምታታት

በብዛት የሚሠራበት ባለ 30 ነጥቡ አጭር የአእምሮ ፈተና ማንበብ፣ ዓረፍተ ነገር መጻፍ፣ ከ100 ላይ 7 እየቀነሱ መቁጠርና ሥዕል መገልበጥ ይጠይቃል። እርሳስ ይዞ የማያውቅ ሰው አንጎሉ ጤነኛ ሆኖ ነጥብ ያጣል። ትምህርት ደግሞ ከገቢ፣ ከአመጋገብ፣ ከማጨስና ከክብደት ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ስህተቱ በዘፈቀደ አይበተንም፤ በሽታ በሌለበት ዝምድና ይፈጥራል። በስሌት ላይ «ለትምህርት አስተካክለናል» ማለት ይህን አያድነውም፤ ፈተናው ራሱ ለሁለቱ ወገን አንድ ነገር አይለካምና።

የተሻለው መንገድ በሁለት ደረጃ መሥራት ነው። በመጀመሪያ ትምህርት የማይጠይቅ ማጣሪያና ሰውየውን በደንብ ከሚያውቅ ዘመድ ጋር ቃለ መጠይቅ ይደረጋል፤ ቀጥሎ አጠራጣሪዎቹ ሁሉና ከጤነኞቹም የተወሰኑት በሐኪም ይመረመራሉ። ጤነኛ የተባሉትን ሳይመረምሩ መተው ማጣሪያው ስንቱን እንዳመለጠው እንዳይታወቅ ያደርጋል። ናይጄሪያ ውስጥ ኢባዳን፣ አሜሪካ ውስጥ ኢንዲያናፖሊስ ላይ ጎን ለጎን የተካሄደው ጥናት በሁለቱም ቦታ አንድ መሣሪያና አንድ የምርመራ ሥርዓት ስለተጠቀመ ነው በ2001 ያወጣው ንጽጽር ክብደት ያገኘው፦ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑት ላይ የአዲስ ታማሚ ምጣኔ በዓመት በኢባዳን ለሚኖሩት ዮሩባዎች 1.35 በመቶ፣ በኢንዲያናፖሊስ ለሚኖሩት አፍሪካ አሜሪካውያን 3.24 በመቶ ነበር።

የዕለት ተዕለት ተግባር ጥያቄዎችም በጥንቃቄ ይመረጡ። ምግብ አብስሎ የማያውቅ ወንድ ወይም የቤቱን ገንዘብ ይዛ የማታውቅ ሴት «አይችልም»፣ «አትችልም» ተብለው መመዝገብ የለባቸውም፤ የሚጠየቀው ቀድሞ ያደርጉት የነበረውን ማድረግ ትተው እንደሆነ ነው። ፈተናው ከመጀመሩ በፊት መነጽርና የመስሚያ መሣሪያ መኖሩን ያረጋግጡ፤ ያልሰማውን ጥያቄ ያልመለሰ ሰው የረሳ ይመስላል።

ፈተናው በየ2 ዓመቱ ሲደጋገም ሰዎች ይለምዱታል፤ ሁለተኛው ውጤት ከመጀመሪያው ይሻላል። የቃላት ዝርዝሩን በየዙሩ ይለዋውጡ፤ በስሌቱም «የመጀመሪያ ጊዜ ፈተና» የሚል መለያ ያስገቡ። የነጥብ ለውጥን ሲተነትኑ የመነሻ ነጥቡን እንደ ማስተካከያ ማስገባትም አሳሳች ነው፦ መነሻው ላይ ተጋላጭነቱ ቀድሞ ተጽዕኖ ካሳደረና ፈተናው ስህተት ካለበት፣ ያልነበረ ማሽቆልቆል ይፈጠራል።

6. «አልዛይመር» እና «የደም ሥር» የሚለውን መለያ ማመን

የሞቱ ሰዎች አንጎል ሲመረመር በአረጋውያን ላይ የሚበዛው የሁለቱ ቅልቅል ነው። ከዚህም በላይ ሐኪሙ «የደም ሥር መርሳት» ያለው ታማሚው ግፊትና ስኳር ስላለበት ከሆነ፣ ተመራማሪው በኋላ ግፊትና ስኳር የደም ሥር መርሳትን እንደሚያመጡ «ማግኘቱ» ዙሪያ ጥምጥም ነው። ዋናውን ውጤት ሁሉንም የመርሳት በሽታ አድርገው ይያዙ፤ ዓይነቱን በሁለተኛ ደረጃ ብቻ ያቅርቡ።

7. ሞትን ችላ ማለት

ማጨስ፣ ስኳርና ከባድ ውፍረት ሰውን የሚገድሉት ብዙ ጊዜ የመርሳት ዕድሜ ላይ ሳይደርስ ነው። በ80 ዓመታቸው የሚመረመሩት አጫሾች ከሌሎቹ የበረቱ ተራፊዎች ናቸው። ሞትን እንደ ተራ መቋረጥ ቆጥሮ ካፕላን ማየር በተባለው የዕድል መገመቻ ዘዴ የተሠራ ስሌት የመርሳት በሽታን ዕድል ከእውነቱ አግንኖ ያሳያል፤ የሞተ ሰው ከእንግዲህ ሊታመም አይችልምና። በሌላ በኩል ፋይን እና ግሬይ የሚባለውን፣ የሞቱትንም ሊታመሙ ከሚችሉት ጋር መቁጠር የሚቀጥለውን ዘዴ ለምክንያት ጥያቄ መጠቀም ገዳዩን ነገር ተከላካይ ሊያስመስል ይችላል። ጥያቄዎ «ይህ ነገር በሽታውን ያመጣል ወይ?» ከሆነ ለመርሳትና ለሞት የተለያየ ምጥጥን (የአንዱ ወገን አደጋ ለሌላው ወገን አደጋ ሲካፈል) አስልተው ሁለቱንም ጎን ለጎን ያቅርቡ፤ «ስንት ሰው ይታመማል?» ከሆነ ሞትን ያካተተ ድምር ዕድል ያስሉ።

የጊዜው መስመር ከጥናቱ መጀመሪያ ሳይሆን ከዕድሜ ቢቆጠር ይሻላል፤ የመርሳት በሽታን ከምንም በላይ የሚወስነው ዕድሜ ነው። ያኔ እያንዳንዱ ሰው ወደ ስሌቱ የሚገባው በተመዘገበበት ዕድሜ ላይ ነው። በሁለት ጉብኝት መካከል የሞቱትም ሳይመረመሩ ታመው ሊሆን ይችላል፤ ጉብኝቶቹ 4 እና 5 ዓመት የሚራራቁ ከሆነ ጤና፣ ሕመምና ሞት የሚሉትን ሦስት ደረጃዎች በአንድ ላይ የሚይዝ ሞዴል ያስፈልጋል።

8. ያገኙትን ሁሉ ማስተካከያ ማድረግ

የጎልማሳነት ውፍረት ስኳርን ያመጣል፣ ግፊትን ያመጣል፤ እነሱ ስትሮክን፣ ስትሮክ ደግሞ መርሳትን። የውፍረትን ጠቅላላ ተጽዕኖ የሚፈልግ ሰው ስኳርን፣ ግፊትንና ስትሮክን ስሌቱ ውስጥ ቢያስገባ የሚፈልገውን ነገር በገዛ እጁ ይሰርዘዋል። ከዚያም «ውፍረት ለብቻው ግንኙነት የለውም» ይላል። መረጃውን ከመክፈትዎ በፊት ምክንያቶቹን በቀስት አያይዘው ይሳሉ። ከተጋላጭነቱ በፊት የነበሩት (ዕድሜ፣ ጾታ፣ የወላጅ ኑሮ፣ ትምህርት) ይገባሉ፤ ከእሱ የመነጩት አይገቡም።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ስህተት አለ፦ በአንድ ሰንጠረዥ የተደረደሩትን ማስተካከያዎች ሁሉ እያነበቡ «ማጨስ ይህን ያህል፣ ብቸኝነት ይህን ያህል» ማለት። ስሌቱ የተሠራው ለአንድ ተጋላጭነት ነው፤ የቀሩት ቁጥሮች ለየራሳቸው ትክክለኛ ማስተካከያ አልተሰጣቸውም።

9. ማን እንዳልመጣ አለመጠየቅ

ዩኬ ባዮባንክ የተባለው የብሪታንያ ጥናት ከ2006 እስከ 2010 ድረስ ከ40 እስከ 69 ዓመት የሆናቸውን ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰዎች መዘገበ፤ ግብዣውን የተቀበሉት ግን ከተጋበዙት 5.5 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። የመጡት ከሕዝቡ ይልቅ የተማሩ፣ እምብዛም የማያጨሱና ጤናቸው የተሻለ ናቸው። ከእንዲህ ያለ ስብስብ የስርጭት መጠንን መናገር አይቻልም። ግንኙነትም ቢሆን፣ ለመምጣት የወሰነው ነገር ከተጋላጭነቱና ከበሽታው ጋር አብሮ ከተያያዘ ይዛባል።

ከመጡ በኋላ የሚጠፉትም አሉ። ቀጠሮውን የረሳው ሰው ከጥናቱ ወጣ ማለት ስንፈልገው የነበረው ታማሚ ወጣ ማለት ነው። የቤት ለቤት ጉብኝት፣ የስልክ ፈተና፣ የዘመድ ቃለ መጠይቅና ከሞትና ከሆስፒታል መዝገብ ጋር ማገናኘት ገና ሲታቀድ በጀት ይያዝላቸው። ጠያቂ ዘመድ የሌለውን ሰው ከጥናቱ ማስወጣት ብቸኞችን ማስወጣት ስለሆነ፣ ማኅበራዊ ግንኙነትን ለሚያጠና ሰው ጥናቱን ከሥሩ ይነቅለዋል።

10. መድኃኒት የሚወስዱትን ከማይወስዱት ጋር ዝም ብሎ ማወዳደር

በስኳር ታማሚዎች መዝገብ ውስጥ «ሜትፎርሚን 5 ዓመት የወሰደ» የሚለው ወገን ውስጥ ለመግባት ሰውየው 5 ዓመት በሕይወትና በጤና መቆየት አለበት። እነዚያን ዓመታት ለመድኃኒቱ ጥቅም መቁጠር ነጻ ስጦታ መስጠት ነው። ሐኪምም መርሳት ለጀመረ ሰው አዲስ መድኃኒት ከማዘዝ ይቆጠባል፤ ስለዚህ ያልታዘዘላቸው ቀድመው የታመሙት ይሆናሉ። መፍትሔው አዲስ ጀማሪዎችን ብቻ መውሰድ፣ ከማይወስዱት ይልቅ ለተመሳሳይ ጉዳይ ሌላ መድኃኒት ከጀመሩት ጋር ማነጻጸር፣ ክትትሉንም ለሁለቱ ወገን ከጀመሩበት ቀን መቁጠር ነው።

ይህ የወረቀት ስጋት አይደለም። የሴት ሆርሞን ምትክ ሕክምና በምልከታ ጥናቶች ላይ አንጎልን የሚጠብቅ ይመስል ነበር፤ በ2003 ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ በሆኑ ሴቶች ላይ በዕጣ የተደረገው ሙከራ ግን ኢስትሮጅንና ፕሮጀስቲን የወሰዱት በመርሳት በሽታ የመያዝ አደጋቸው በእጥፍ መጨመሩን አሳየ።

11. «45 በመቶ ይከላከላል» ብሎ መጻፍ

ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ሥር የተቋቋመው የመርሳት በሽታ ኮሚሽን በ2017 በ9 አደጋዎች 35 በመቶ፣ በ2020 በ12 አደጋዎች 40 በመቶ፣ በ2024 በ14 አደጋዎች 45 በመቶ የሚል ግምት አወጣ። ይህ ቁጥር አደጋዎቹ ፈጽሞ ባይኖሩ፣ ግንኙነቶቹም ሁሉ እውነተኛ ምክንያት ቢሆኑ ኖሮ የሚቀንሰውን ድርሻ የሚገምት ነው። አንድ ሰው አኗኗሩን ቢያስተካክል ዕድሉ በ45 በመቶ ይቀንሳል ማለት አይደለም።

ስሌቱን ለራስዎ ሕዝብ ሲሠሩ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። ለምሳሌ ከሕዝቡ 20 በመቶው የተጋለጠ፣ አንጻራዊ አደጋውም (የተጋለጡት አደጋ ካልተጋለጡት ጋር ሲነጻጸር) 1.5 ነው እንበል። ድርሻው 0.20 በ0.5 ተባዝቶ ለ1.10 ሲካፈል 9.1 በመቶ ነው። እንዲህ ያሉ ሦስት አደጋዎች ቢኖሩ ደምሮ 27.3 ማለት ስህተት ነው፤ የቀረውን 90.9 በመቶ ሦስቴ አባዝቶ ከ100 መቀነስ 24.9 በመቶ ይሰጣል። አደጋዎቹ አንድ ሰው ላይ የሚደራረቡ ከሆነ (ውፍረት፣ ስኳርና ግፊት እንደሚደራረቡት) ይህም ቢሆን የተጋነነ ነው። ሁለተኛ፣ ይህ ቀመር የሚሠራው ባልተስተካከለ አንጻራዊ አደጋ ነው። የተስተካከለውን ሲይዙ በሕዝቡ ውስጥ ያሉትን ሳይሆን ከታማሚዎቹ መካከል የተጋለጡትን ድርሻ ወስደው፣ ከአንጻራዊ አደጋው 1 ቀንሰው ለራሱ ለአንጻራዊ አደጋው ሲያካፍሉ በሚያገኙት ቁጥር ያባዙ።

12. ሙከራን ከሚለው በላይ ማስናገር

በፊንላንድ 1,260 ሰዎችን ያሳተፈው ፊንገር የተባለ ሙከራ በ2 ዓመት ውስጥ አመጋገብን፣ እንቅስቃሴን፣ የአእምሮ ሥልጠናንና የደም ሥር ጤና ክትትልን አቀናጅቶ የፈተና ውጤትን አሻሽሏል። የፈተና ነጥብ መሻሻል ግን የመርሳት በሽታን መከላከል አይደለም። በተቃራኒው፣ በ2023 የወጣው ማይንድ የተሰኘ የአመጋገብ ሙከራ 604 ሰዎችን 3 ዓመት ተከታትሎ በሁለቱ ወገኖች መካከል ጉልህ ልዩነት አላገኘም፤ ግን ማነጻጸሪያው ወገንም ክብደት እንዲቀንስ ምክር ይሰጠው ነበርና ሁለቱም ተሻሽለዋል።

9,361 ሰዎች የተሳተፉበት የግፊት ሙከራ (ስፕሪንት ማይንድ፣ 2019) ደግሞ የላይኛውን ግፊት ከ120 በታች ማውረድን ከ140 በታች ከማውረድ ጋር አነጻጸረ። ለመርሳት በሽታ የተገኘው ምጥጥን 0.83፣ የእርግጠኝነት ወሰኑ ከ0.67 እስከ 1.04 ነበር። ይህን «ጥቅም የለውም» ብሎ ማንበብም «ይከላከላል» ብሎ ማንበብም ስህተት ነው። ሙከራው በልብና በሞት ውጤቱ ምክንያት ከታቀደው ጊዜ በፊት ስለቆመ ታማሚዎቹ ጥቂት ነበሩ፤ ለመለስተኛ የአእምሮ ድክመት ግን ልዩነቱ ግልጽ ነበር። የ3 ዓመት ሕክምና በ68 ዓመት ዕድሜ ሲጀመር የሚመልሰው የራሱን ጥያቄ ነው፤ ከ45 ዓመት ጀምሮ ለ25 ዓመት ግፊት ከፍ ብሎ መቆየት ስለሚያደርሰው ጉዳት አይናገርም።

13. የዘር ውርስ መሣሪያ ከሁሉ ስህተት ያድናል ብሎ ማመን

በዘር የሚወረሱ ልዩነቶችን እንደ ተፈጥሯዊ ዕጣ የሚጠቀመው ሜንደላዊ ራንደማይዜሽን የተገላቢጦሽ ምክንያትን በደንብ ይቋቋማል። ሞትን ግን አይቋቋምም፦ ለውፍረት ወይም ለማጨስ የሚያጋልጥ ዘር ያላቸው ሰዎች ቀድመው ስለሚሞቱ በአረጋውያኑ መካከል የቀሩት የተለዩ ናቸው። በኮሌስትሮል ላይ ሲሠራ ደግሞ አንድ የታወቀ ጉድጓድ አለ። አፖኢ የተባለው ጂን ኮሌስትሮልንም ይለውጣል፣ በሌላ መንገድም የአልዛይመርን አደጋ በብርቱ ይጨምራል። የአፖኢን አካባቢ ከመሣሪያው ሳያስወጡ የተሠራ ስሌት ኮሌስትሮል አልዛይመርን እንደሚያመጣ በታላቅ እርግጠኝነት ያውጃል፤ ያ አካባቢ ሲወጣ ግንኙነቱ በአብዛኛው ይጠፋል። ሁለቱንም ስሌት፣ ከአፖኢ ጋርና ያለ አፖኢ፣ በአንድ ሰንጠረዥ ያቅርቡ።